ሐርተሼክ፣ ለቅሶ ልንደርስ

ሐረር፣ ንጋት

ሚኒባሱ ጎህ ሲቀድ ተነሳ። እኔና አክስቴ ዘነበች የኋላ ወንበር ይዘናል። የምንሄደው ሐርተሼክ ነው፤ ጅጅጋ ለብዙ ዓመታት የአክስቴ ጎረቤት የነበረችው ሣህራ ባሏ ሞቶባት ለቅሶ ልንደርሳት።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2010 ክረምት ጅጅጋ ስትታወክ የአክስቴ ሱቅ ተቃጠለ። ሮጣ የሣህራን በር አንኳኳች፤ አልተከፈተላትም። በጓሮ ዞራ አመለጠችና ሐረር ገባች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም።

ባቢሌ

ሴቶች የተቆላ ኦቾሎኒ በመስኮት ያቀብላሉ። ሁዳዴ ስለሆነ ቁርሳችን እሱ ሆነ። ከጎናችን የተቀመጠ ነጋዴ የት እንደምንሄድ ጠየቀኝ፤ ታሪኩን ነገርኩት።

«ታዲያ ልክ ልኳን ሳይነግሯት እንዳይመለሱ» አላት አክስቴን።

ልጣጩን ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። «አፌንም አብሬ እየጾምኩ ነው፣ ወንድሜ።»

ጾሙ ሲፈታስ? አልኩ በሆዴ።

ካራማራ፣ ረፋድ

ለፍተሻ ወረድን። ነፋሱ ነጠላዋን ይገፋዋል። ከተራራው ማዶ፣ ሜዳው ላይ ጅጅጋ ተዘርግታለች።

«ፈራሁ» አለችኝ።

«ሰዎቹን?»

«አፌን ነው እንጂ። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ቃል ነው። ሐዘን ቤት ውስጥ ካመለጠኝ በምን እመልሰዋለሁ?»

ሐርተሼክ፣ ከሰዓት

ጅጅጋ መኪና ቀይረን ደረስን። አቧራ፣ የቆርቆሮ ቤቶች፣ ግመሎች። ድሮ ስደተኛ የሞላበት ሜዳ ላይ አሁን ፍየል ይግጣል።

ሣህራ ምንጣፍ ላይ በሴቶች ተከባ ተቀምጣለች። አክስቴ ጎንበስ ብላ «አላሃ ኡ ነሐሪስቶ» አለቻት፤ አላህ ይማረው ማለቷ ነው። ሣህራ እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ለሌላው ሰው ሻይ በግመል ወተት ሲቀዳ፣ ለእኛ ያለ ወተት እንዲመጣ አዘዘች። «ሁዳዴ ላይ ናችሁ አይደል?»

ሴቶቹ ወጣ ሲሉ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዘነበች፣ ያን ቀን ሰምቼሻለሁ። ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ልጆቼን አየሁና ፈራሁ።»

ያጠራቀመችው ቃል ሁሉ የአክስቴ አፍ ላይ ደርሷል። ብርጭቆውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች፣ መልሳ አነሳችው፣ አልጠጣችም።

«ይህን ሁሉ ዓመት ብቻሽን ይዘሽው ኖርሽ?» አለቻት በመጨረሻ።

አክስቴ ወደ ሣህራ ተጠጋች።

«በይ አሁን ስለ ባልሽ ንገሪኝ። ምን አገኘው?»

ሣህራ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አክስቴ ጀርባዋን እያሻሸች እስኪመሽ የሰውየውን ሕመም፣ የሰውየውን ጨዋታ ሰማች።

ወደ ጅጅጋ፣ አመሻሽ

ሜዳው እየጨለመ ነው። አክስቴ ነጠላዋን ተከናንባለች። ብዙ ታግሼ ጠየቅኳት።

«ሌላ ልትያት የፈለግሽው ነገር አልነበረም?»

«ነበር እንጂ፣ ብዙ።» መስኮቱን ዘጋች። «እሱን ለእግዚአብሔር ነው የምነግረው። ገና አልጨረስኩም።»