በረደኝ ያለ ኋላ ይቀመጣል

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር በምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ባለው የሠራተኛ መዝገብ ስሜን ብቻ ነው። ሰው ፊት ማውራትም አይሆንልኝም። ወረቀት ግን ዓይን ዓይኔን አያየኝም፤ ስለዚህ የዚያን እሑድ ነገር ለእሱ ልንገረው።

ወንድሜና ሦስት ጓደኞቹ የየራሳቸው ሞተር አላቸው። ታኅሣሥ ላይ አንድ እሑድ ከኮምቦልቻ ተነስተው፣ አስፋልቱን ትተው በገጠሩ የጠጠር መንገድ ቦሩ ሜዳ ደርሰው ሊመለሱ ተስማሙ። እኔ ከወንድሜ ኋላ ተቀመጥኩ። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው፤ ከቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ፣ ሰው ሳይነሳ በጠዋት። መንገድ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ ለቆልኝ አያውቅም። እኔም አፍ አውጥቼ "እስቲ ልንዳው" ማለት አቃተኝ። ዓመት ሙሉ እንዲሁ አለፈ።

የኮምቦልቻ ሰው ብርድ አያውቅም፤ የማያውቀውን ደግሞ ይንቃል። ሁሉም ስስ ጃኬት ለብሰው መጡ። ወንድሜ ጓንት ስላልነበረው እጆቹን በፌስታል ጠቅልሎ አሰረና ሕግ አወጣ።

"በረደኝ ያለ ሞተሩን ለሌላ ሰጥቶ ኋላ ይቀመጣል!"

"እሷስ?" አለ አንዱ ወደ እኔ እያሳየ። "ሞተር የላት፣ ምን ልትሰጥ ነው?"

"እሷ ከተረታች በእግሯ ትመለሳለች። እኔ ከተረታሁ እሷ ትነዳለች።"

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቃሉን ያዝኩበት።

ደሴን ካለፍን በኋላ ማሳው አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ነበር። ትንሽ ልናርፍ ስንቆም የአንዱ ጓደኛው ጥርስ እየተንገጫገጨ ነበር።

"አንተ፣ በረደህ እንዴ?" አለው ወንድሜ በጉጉት።

"ኧረ! መንገዱ ነው የሚያንቀጠቅጠኝ።"

"ቆመናል እኮ!"

"የቅድሙ መንገድ ነው።"

ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ከአንድ አጥር ጥግ ቆምን። ወንድሜ ቶሎ ወርዶ እጆቹን ወደ ጭስ ማውጫው አስጠጋ። ፌስታሉ ቀልጦ ቱቦው ላይ ተለጠፈና ገማ።

"እየሞቅክ ነው?" አለው አንዱ።

"ሞተሩን እየመረመርኩት ነው።"

ሦስቱም ወዲያው የምርመራ ፍላጎት አደረባቸው። አራት ጎረምሳ አንዲት ሞተር ከቦ ቁጢጥ አለ። በዚህ መሃል አንዲት አሮጊት እናት ከግቢያቸው ጋቢ ይዘው ወጡ።

"አሰላሙ አለይኩም። ምነው ልጆቼ፣ ታመመባችሁ?"

"ወአለይኩም ሰላም። አዎ እናቴ፣" አለ ወንድሜ፣ "ትኩሳት አለው።"

"አላህ ያሽረው። እኔስ ለበረደው ልጅ ብዬ ይህን ጋቢ ይዤ ነበር።"

ስምንት ዓይን ጋቢው ላይ ተተከለ።

"ካልበረዳችሁማ አልሐምዱሊላህ፣ ልመልሰው፤" ብለው ዞሩ። አንድ እርምጃ ሄዱ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ወንድሜ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

"እናቴ! በረደኝ! ወላሂ በረደኝ!"

እውነቱን ለመናገር እኔ ብዙም አልበረደኝም ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ወንድሜ ግድግዳዬ ነበር። ቢበርደኝም አልናገርም። ዝም በማለት የሚሸለሙበት ውድድር ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

ወንድሜ ጋቢውን ለብሶ ሲሞቅ ቆየና አመስግኖ መለሰላቸው፤ ቁልፉንም ለእኔ ሰጠኝ። ልነሳ ስል ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። ጓደኞቹ አጨበጨቡ። ሄልሜቱ ፊቴን ባይሸፍነው ኖሮ ጥዬው እሮጥ ነበር። ሦስተኛው ላይ ተነሳ።

ያን ጊዜ ነው ወንድሜ ምን ሲችል እንደዋለ የገባኝ። ነፋሱ በእጅጌዬ ገብቶ በጀርባዬ ይወጣል። ጣቶቼ መሪው ላይ ደረቁ። ግን ሜዳው ሁሉ ከፊቴ ነበር፤ የማንም ትከሻ አልከለለኝም። አንድ አህያ እንኳ ጡሩምባ ነፍቼ ከመንገድ አስወጣሁ፤ ለሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው!

ደሴ ገብተን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስንደርስ አቆምኩ። ጓደኞቹ "እንዴት ነበር?" ሲሉኝ ከንፈሬ አልላቀቅ አለኝ፤ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። ወንድሜ ወርዶ እጆቼን ሲያይ፣ አሁን ሞተሩን ይቀበለኛል ብዬ መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። እሱ ግን አጠገባችን ካለው ሱቅ ሁለት ፌስታል ይዞ መጣና እጆቼን አንድ በአንድ ጠቅልሎ አሰረልኝ። ከዚያ ተመልሶ ኋላዬ ተቀመጠና በጆሮዬ እንዲህ አለኝ፦

"አሁን እኮ መናገር ትችያለሽ፤ ውድድሩ አልቋል።"