በቀይ አፈር መንገድ ላይ የቀመስኩት ጥፊ

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ የጎን መስታወት፣ አንድ ሙሉ የሐሙስ ገበያ እና የአንድ ሽማግሌ ሰላምታ ነው። ጥፊውን ወጪ ውስጥ አላስገባሁትም፤ የተቀበልኩት እኔ ስለሆንኩ ገቢ ነው።

ጂንካ ውስጥ ሱቅ አለኝ። ሐሙስ ሐሙስ በአሮጌ ፒክአፔ ጨው፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪና ዶቃ ጭኜ ቀይ አፈር ወደምትባል የገበያ ከተማ እወርዳለሁ፣ ስመለስ ማር እጭናለሁ። የማሩ ንግድ አካሄዱ ለማያውቀው ሰው ያስቃል። ባለማሮቹ፣ አብዛኞቹ የአካባቢው የበና ብሔረሰብ ሰዎች ናቸው፣ ጀሪካናቸውን አምጥተው እኔ ጋ ያስቀምጣሉ። እኔ ጂንካ ወስጄ እሸጣለሁ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ዋጋቸውን እሰጣለሁ። ፊርማ የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ምስክር የለም። ሰውየውን ያዩታል፤ ቃሉ የሚቆም ከመሰላቸው ማራቸውን ያሳድሩበታል፣ ካልመሰላቸው አንስተው ይሄዳሉ። ይህን እምነት ለማግኘት ስንት ሐሙስ እንደፈጀብኝ እኔ አውቃለሁ። ባንክ እንኳ እንደዚያ አያምነኝም፤ ጠይቄው አውቃለሁ።

ድሮ መንገዱ ኮረኮንች ሳለ መኪና ከመኪና ሲገናኝ ቆሞ ይጠያየቅ ነበር። «ወንዙ ሞልቷል?» «ጎማ ይዘሃል?» ተባብሎ፣ አቧራውን አራግፎ ይለያያል። አስፋልት ገባ፣ እሰየው አልን። ከአስፋልቱ ጋር ግን ጥሩምባ ገባ። መንገዱ ሲቃና ሰዉ ተጣመመ፤ ድሮ በአንድ ቀን የማይደርስበትን አሁን በጠዋት እየደረሰበት እንኳ ዘገየሁ ብሎ የሚሳደብ ፍጥረት መጣብን።

እና አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ቀይ አፈር ለመግባት ጥቂት ሲቀረን፣ ፍየሎች መንገዱን ሞልተው ከፊታችን ይሄዳሉ። እኔ እነዳለሁ፤ አጠገቤ ከጂንካ ገበያ የምትወርድ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ተቀምጣለች፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ እትዬ ነው የምላት። የፍየሎቹ ባለቤት የማውቃቸው የበና አዛውንት ናቸው፤ ማርም ያመጡልኛል። ከዘመዶቻቸው ጋር ሆነው መንጋውን ለገበያ ይነዳሉ።

እዚህ አገር ፍየል መንገድ ላይ ስታገኝ ጥሩምባ አትነፋም። የትራፊክ ሕግ አይደለም፣ የነጋዴ ሕግ ነው። ጥሩምባ ከነፋህ ፍየሎቹ ይበተናሉ፣ ከሌላ ሰው መንጋ ይደባለቃሉ፣ እነሱን ሲለዩ ጠዋቱ ያልቃል። ባለፍየሉ ገዢው ሁሉ ከሄደ በኋላ ይደርስና በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። በረከሰ ዋጋ የሸጠ ሰው ደግሞ ከእኔ ጨው አይገዛም። ስለዚህ ሞተርህን ታጠፋለህ፣ ክንድህን መስኮቱ ላይ ታስደግፋለህ፣ ትጠብቃለህ። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ከኋላዬ ነጭ ላንድክሩዘር መጣ። ውስጡ ሁለት ፈረንጆች፣ መሪው ላይ ከአዲስ አበባ የወረደ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሾፌር። ጥሩምባውን ነፋ። አልሰማሁም። ደገመ፣ መብራቱን አበራ አጠፋ፣ በመጨረሻ እጁን ከጥሩምባው ላይ ማንሳት ተወ።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል? ወላድ ጭኗል እንዴ?» አለች እትዬ።

«ፈረንጆች ነው የጫነው።»

«የት ሊያደርሳቸው?»

«የሐሙስ ገበያን ሊያሳያቸው።»

ነገሩ እንግዲህ ይሄ ነበር። ገበያውን ሊያሳይ ይጣደፋል፤ ገበያው ግን ከፊቱ በአራት እግሩ እየሄደ ነበር።

አልታገሰም። በግራዬ በኩል ተወርውሮ ወጣ፣ በእኔ በኩል ያለውን መስታወት ገንጥሎ ጣለው፣ መንጋው መሃል ገባ። ፍየሎቹ ጩኸታቸውን አቅልጠው በየቁጥቋጦው ተበተኑ፣ አንዷ የኋላ እግሯን እየጎተተች ቀረች። እሱ ይህን ሁሉ አድርጎ ቢሄድ ኖሮ ባልከፋ። አልሄደም። መኪናውን አስፋልቱ ላይ አጋድሞ አቆመና ወርዶ ወደ እኔ መጣ። መስታወት የተሰበረብኝ እኔ፣ የተቆጣው እሱ።

«አንተ፣ ጆሮህ አይሰማም?»

«ይሰማል» አልኩት።

«ታዲያ መንገዱን ዘግተህ የምትቆመው የአባትህ መንገድ ነው?»

«የአባቴ ቢሆንማ እስካሁን ቀረጥ አስከፍዬህ ነበር።»

እትዬ ሳቀች። ሳቋን ባትስቅ ይሻል ነበር። ሰውየው በመስኮቱ እጁን አስገብቶ በጥፊ መታኝ። ቆቤ እትዬ ጭን ላይ ወደቀ። ጥፊው ገና ጆሮዬ ላይ እየጮኸ ሳለ የመኪናዬን ቁልፍ መንቀል ቻለ፣ «አንተ የገጠር ቸርቻሪ፣ አሁን እንደፈለግህ ቁም!» ብሎ የግራር ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ ወደ መኪናው ተመልሶ በረረ። ቸርቻሪ መሆን ስድብ እንደሆነ ያን ቀን ነው የሰማሁት። እሱ ራሱ የአገር ገበያ ለፈረንጅ የሚቸረችር ሰው!

«ምነው ዝም አልከው?» አለች እትዬ ቆቤን እያቀበለችኝ።

«ከመኪና እስክወርድ እሱ ሄደ።»

እውነቱም ይኸው ነው። ግን ማን ይሰማኛል? አዛውንቱና ዘመዶቻቸው መንገዱ ዳር ቆመው ሁሉንም አይተዋል። ቁልፉን ስንፈልግ አብረውን ፈለጉ፣ እሾህ ቧጠጣቸው፣ ፍየሎቻቸውም ገና አልተሰበሰቡም። አዛውንቱ አንዴ ቀና ብለው በራሳቸው ቋንቋ፣ «ሲመታህ አየሁ» አሉኝ። ፍለጋቸውንም ቀጠሉ። ይህች «አየሁ» ከጥፊው ይልቅ አመመችኝ። እሳቸው ያዩትን ደግሞ ገበያው በሙሉ ከእኔ ቀድሞ እንደሚሰማው አውቃለሁ።

ቁልፉ ተገኘ። ቀይ አፈር ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ጨው የሚገዛው ገዝቶ፣ ሳሙና የሚገዛው ከሌላ ገዝቶ ጨርሷል። ለዚያ አልተከፋሁም። የተከፋሁት ሁልጊዜ ማር የምታመጣልኝ ሴትዮ ዘንድ ስሄድ ነው። ሌላ ጊዜ ሳልጠይቃት ጀሪካኗን መኪናዬ ላይ ትጭናለች። ያን ቀን ጀሪካኑን መሬት ላይ አድርጋ ተቀመጠችበት።

«አልጭነው?» አልኳት።

«ቆይ» አለችኝ።

ከጎኗ ያሉትም ጀሪካናቸውን አላነሱም። ገባኝ። በሰው ፊት ተመትቶ ዝም ያለ ሰው ነገ ጂንካ ላይ ሌላ ሰው ማራቸውን ቢነጥቀው ዝም አይልም ወይ? ብለው ነው። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እቀመጥበት ነበር። ያ ሾፌር መስታወቴን ሳይሆን እንጀራዬን ነበር የገነጠለው።

ላንድክሩዘሩ ገበያው ዳር ቆሟል። መንገዱ አንድ፣ ከተማዋ አንድ፤ የት ይሄዳል? አዛውንቱ እግሯ የተሰበረባትን ፍየል አሸክመው አምጥተው መኪናው ፊት አስተኟት። ሰው ከበበ። ሾፌሩ ፈረንጆቹ እያዩት ስለሆነ ነው መሰል የፍየሏን ዋጋ ሳይከራከር ከፈለ። ከዚያ ሞተር ሊያስነሳ ሲል አዛውንቱ በበትራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። የእሱስ? ማለታቸው ነው።

እንደ አገሩ ልማድ ሽማግሌ ተቀመጠ። ከመንገዱ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር ወጣ። ዋናው ሽማግሌ የከተማው ነባር ነጋዴ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ለእኔ ሚስቴን ሊጠይቁልኝ አማች ቤት የሄዱት እሳቸው ነበሩ። ደስ አለኝ፤ የእኔ ሰው ተሰየመ አልኩ።

ጋሼ ሁለታችንንም ሰሙ። ሾፌሩ «እቸኩል ነበር፣ እንግዳ ይዤ ነው፣ እሱም ተናገረኝ» አለ። ቀረጥ ያልኩትን መሆኑ ነው። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ የአገር ልጅ ነህ። እሱ መንገደኛ ነው፣ እንግዶችም ይዟል። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለው።»

«ጋሼ፣ እሱ ገና ይቅርታ መች ጠየቀኝ?»

«ይጠይቅሃል፣ ይጠይቅሃል። አንተ ብቻ ልብህን አስፋ።»

ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። ተመቺው ነው ልቡን የሚያሰፋው! መቺው በጠበበ ልቡ እንደ ልቡ ይሂድ። ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ገና ሽማግሌ ሲቀመጥ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ገር ሰው ነው፣ እሺ ለማሰኘት ስለሚቀል። ነገሩን ያበረዱ ይመስላቸዋል። የሚያበርዱት ግን የተበደለውን ሰው ነው።

ሾፌሩ ነገሩ ስለገባው ኪሱን ዳብሶ ብር አወጣና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠ። «ለመስታወቱም፣ ለምናምኑም» አለ። ገበያው ሁሉ አየኝ። እኔ የተሰጠኝን ብር እንቢ ብዬ አላውቅም፤ ይህን ቀይ አፈር ውስጥ የማያውቅ የለም። አንስቼ መልሼ ጉልበቱ ላይ አደረግኩለት።

«የመታኝ በእነዚህ ሰዎች ፊት ነው» አልኩ። «በእነዚሁ ሰዎች ፊት ተነስቶ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ መታሁት፣ አጠፋሁ ይበል። መስታወቱን እኔ እገዛዋለሁ።»

«ብሩን ተቀበል፣ ሞኝ አትሁን» አለችኝ እትዬ በጆሮዬ። ሁለተኛው ጆሮዬ ነበር፤ አንደኛው ገና ይጮህ ነበር።

ሾፌሩ ጋሼን አየ፣ ጋሼ ተነስ አሉት። ተነሳ። መነጽሩንም አወለቀ። ፈረንጆቹ መጥተው ፎቶ ማንሳት ሲጀምሩ ከከበቡት ልጆች አንዱ የፎቶ ሂሳብ ጠየቃቸውና ካሜራቸውን ዝቅ አደረጉ። ሾፌሩ የዛፉን ግንድ እያየ፣ «ምናልባት አስቀይሜው ከሆነ ይቅርታ» አለ።

አዛውንቱ አማርኛ አይሰሙም። ባለማሮቹም አብዛኞቹ አይሰሙም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ በዚያ ገበያ ነገር ሲያጋጥም የሚያስተረጉሙት ሁልጊዜ እኔን ነውና። «ምን አለ?» አሉኝ አዛውንቱ።

አሁን ያንን ሰዓት አስቡት። የተመታሁት እኔ፣ ይቅርታው የሚባለው ለእኔ፣ አስተርጓሚውም እኔ። ሾፌሩ የበና ቋንቋ አያውቅም። ሰውየው እያለቀሰ እግሬ ሥር ወደቀ ብዬ ብተረጉመው ማን ያጋልጠኛል? ማሩም በአንድ አፍታ ይጫንልኝ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ አልክድም። ግን የእነዚህን ሰዎች ማር ያለ ደረሰኝ የምወስደው የእኔን ቃል አምነው ነው። በዚያ ቃል ላይ ለአንድ ባለጌ ብዬ ውሃ አልጨምርበትም።

«ምናልባት አስቀይሜው ከሆነ ይቅርታ ነው ያለው» አልኳቸው፣ እንዳለ።

አዛውንቱ «ምናልባት? እጁ ለብቻው ነው እንዴ ወደ መኪናህ የሄደው? እሱ የት ቆሞ ነበር?» አሉ።

በናዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ማር የምታመጣው ሴትዮ ጀሪካኗ ላይ ሆና ጉልበቷን መታች። ሾፌሩ «ምን አለ? ምን አለ?» አለኝ። ይህን እንኳ በደስታ ተረጎምኩለት፤ አንዲት ቃል ሳልቀንስ። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ከዚህ በላይ የምለው የለኝም» አለ። «የኔ ሥራ ከእናንተ ጋር ውሎ ማደር አይደለም።» መነጽሩን መልሶ አደረገ፣ ብሩን አግዳሚው ላይ ወርውሮት ወደ መኪናው ሄደ። ማንም አልያዘውም። ጥሩምባውን እየነፋ ወጣ፣ በገበያው መሃል።

ጋሼ ብሩን አንስተው ያዙልኝ። «በል፣ ነገሩ አለቀ። እሱ በልኩ ብሏል። አንተ ደግሞ ይቅር ብያለሁ በልና እንነሳ። ሽማግሌ በባዶ አፍ አይነሳም።»

«አልልም፣ ጋሼ።»

«ለእኔ ስትል።»

«ለእርስዎ ብዬ ብዙ ነገር አደርጋለሁ። ለእርስዎ ብዬ ያልተጠየቅኩትን ይቅርታ አልሰጥም።»

እትዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሽማግሌን እንቢ ማለት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አላጣሁትም። ጋሼ ተነሱ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ብሩን እትዬ እጅ ላይ አስቀመጡ። «ሚስትህን ስጠይቅልህ እንዲህ አላውቅህም ነበር» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልሱም። ብሩን እትዬ እዚያው ገበያ ላይ ለቤተክርስቲያን ማሠሪያ ሰጠችው። ፈቃዴን አልጠየቀችም፤ እኔም አልከለከልኳትም።

ፒክአፔ ጋ ስመለስ ሴትየዋ ከጀሪካኗ ላይ ተነስታ ነበር። ራሷ አንስታ ጫነችው። ሌሎቹም ተከተሏት። አዛውንቱ የተረፉ ፍየሎቻቸውን እየነዱ አልፈውን ሲሄዱ በበትራቸው የመኪናዬን ጎን ሁለቴ መታ መታ አደረጉት።

ሾፌሩ አልተቀጣም። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም ይቅር አላልኩትም። ማሩ ይመጣል።