ሳይቆም የሚሄደው ባቡርና የልጄ ንግግር

ልጄ በትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን ስለ አንድ የእንግሊዝ ባቡር ታሪክ እንድትናገር ተመረጠች። ከዚህ በፊት ሰው ፊት ቆማ ቃል ጠፍቷት ስላለቀሰች፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድልኝ አለ።

ባቡሩ «ፍላይንግ ስኮትስማን» ይባላል። በድንጋይ ከሰል በሚሄድበት ዘመን ከለንደን እስከ ኤድንብራ አንዴም ሳይቆም ይደርስ ነበር ብላ ስታነብልኝ ደነገጥኩ። እኔ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ስሄድ እንኳ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጬ፣ ሲያዛጋ ቆሎ የማቀብል ሴት ነኝ።

«ነጂው ሲደክመውስ?» አልኳት።

«እማዬ ደግሞ! ለእንግሊዝ ሹፌርም ቆሎ ልትቋጥሪለት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሆኖም ጥያቄው ከነከናትና ስልኳ ላይ ፈልጋ መልሱን አገኘችው። ለካ ከሰሉ በሚጫንበት ፉርጎ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ ሠርተው ኖሯል። ከተሳፋሪው ጋር ሲያርፉ የቆዩት ተተኪው ነጂና ረዳቱ መንገድ መሃል ላይ በዚያ ሾልከው የደከሙትን ይቀይሯቸዋል፤ ባቡሩም አይቆምም።

በዕለቱ ልጄ ጥሩ ጀምራ መሃል ላይ ዝም አለች። በዓይኗ ፈልጋ አገኘችኝና ቀና ብላ፣ «እናቴ ‹ነጂው ሲደክመውስ?› ብላ ጠየቀችኝ» አለች። አዳራሹ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀችና እስከ መጨረሻው ሳትደናቀፍ ተናገረች።

ሌሎቹ ወላጆች ሲያጨበጭቡ እኔ ብድግ ብዬ እልልታዬን አቀለጥኩት።