ከታች የተቆረጠው ጭስ

ችኩል ሰው ነኝ። ሻይ ሳይበርድ ጠጥቼ ምላሴን የማቃጥል፣ ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሳ ከረዳቱ ጋር የምነታረክ። እናቴ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ስትል ተረቱ ለእኔ ብቻ የወጣ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ለትርፍ ጊዜው ካሜራ አንድ ቦታ ተክሎ ግማሽ ቀን መጠበቅን መምረጡ ጓደኞቼን እስከ ዛሬ ያስቃቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራው በሦስት እግሩ ላይ ሳይነቃነቅ ቆሞ በየጥቂት ሰከንዱ በራሱ አንድ ፎቶ ያነሳል። ፎቶዎቹ ቤት ሲገቡ ተከታትለው እንደ ፊልም ይሮጣሉ፤ ግማሽ ቀን የፈጀው ነገር አንድ ደቂቃ ይሆናል። ዓይን የማይከተለው ቀርፋፋ ነገር ሁሉ፣ የጥላ መዞር፣ የጉም መነሳት፣ ያኔ ፊት ለፊት ይታያል። አምቦ ፊዚክስ ላስተምር ከመጣሁ ጀምሮ የጉደርን ፏፏቴ፣ የባኮን በቆሎ፣ የክረምቱን ደመና እንዲህ እያነሳሁ ራሴ በሠራኋት ድረ ገጽ ላይ እለጥፋለሁ። ጎብኚዎቿ ጥቂት ናቸው። ግማሾቹ ተማሪዎቼ ስለሆኑ ለውጤት ብለው ሳይሆን አይቀርም።

በእኛ በኩል ግን ካሜራ ቀላል ዕቃ አይደለም። መንገድ እየተዘጋ ኔትወርክ በሚጠፋባቸው ዓመታት ፖሊሱ «ለማን ነው የምታነሳው?» ይለኛል፤ ትንሽ ራመድ ስል የሰፈሩ ወጣቶች ያንኑ ጥያቄ በኦሮምኛ ይደግሙልኛል፣ «ኤኙፍ?» ይሉኛል። «ለደመናው» ብዬ ስመልስ ሁለቱም ወገን እኩል አያምነኝም። ሰው አጠገቡ ሳይኖር ቀጭ ቀጭ የሚል ካሜራ ደግሞ የባሰ ያስፈራል። እኔም ሁሌ አንገቴን እያዞርኩ ነበር የማነሳው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጥቅምት ሲገባደድ፣ ከጊንጪ ወጣ ብዬ በጭልሞ ደን አቅጣጫ ስሄድ አንድ ጉብታ አገኘሁ። ጉብታው ላይ የቆርቆሮ ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ ስር ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ደኑ። የቤቱ ጌታ በዕድሜ አባቴን የሚሆኑ ገበሬ ናቸው። በኦሮምኛ ለአክብሮት «ኦቦ ኮ» እያልኩ እጠራቸው ስለነበር እዚህም ኦቦ እላቸዋለሁ። እሳቸው እኔን «በርሲሳ» ይሉኛል፣ መምህር ማለታቸው ነው። ካሜራዬን ካቡ ላይ ልትከል ብዬ ስጠይቃቸው ለማን ነው አላሉኝም። «ምኑን ነው የምታነሳው?» አሉኝ። «ሰማዩንና ጉሙን» አልኳቸው። «እንግዲያው ጥጃዋ እንዳትጥልብህ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡና ረፋዱን ሁሉ ጥጃዋን ሲከላከሉልኝ ዋሉ። ሳልጠረጠር ያነሳሁበት ቀን ብርቅ ስለነበር ወደድኳቸው።

ፊልሙ ሲሠራ ራሴ ደነገጥኩ፤ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ጉሙ ከደኑ ላይ እየተገፈፈ ይሄዳል፤ ከመሃል ደግሞ ቀጫጭን ነጫጭ ክሮች ከዛፎቹ መካከል ይመዘዛሉ። ከስሩም «ጉሙ ከጫካው እንደ ክር ሲመዘዝ» ብዬ ጻፍኩበት። የእኔ ካሜራ ፎቶ ከፊልሙ ስክሪን ይልቅ ቁመቱ ረዘም ይላል፤ ስለዚህ ከላይ ወይም ከታች መቁረጥ ግድ ነው። እኔ ሰማይ ስለምወድ ሁሌም የምቆርጠው ከታች ነው። ያን ቀንም ሳላስብበት ከታች ቆረጥኩና ለጠፍኩት።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ኦቦ ደወሉ። ሰላምታቸው አጭር ነበር። «በርሲሳ፣ ና» አሉኝና ዘጉት።

በማግስቱ ሄድኩ። ከዋናው መንገድ ወደ ጉብታው በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ሁሉ «አካም ቡልተን» ስል ዝም ብሎኝ አለፈ። እዚያ አገር ሰው ቢጣላ እንኳ ሰላምታ አይነፍግም።  በመጨረሻ ማጭድ የያዘ ጎልማሳ ቆመና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«የእኛን ጭስ አሳይተህ የሱን ቀድመህ አስጠፋኸው፣ አይደል?» አለኝ።

«የምን ጭስ?»

ስልኩን አውጥቶ የእኔኑ ፊልም አሳየኝ። ከተማ የሚማሩ የሰፈሩ ልጆች አይተውት በቴሌግራም ተቀባብለውታል። በጣቱ እያስቆመ አንዱን ክር፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን ነካልኝ። ጉም ሲሄድ ሁሉም አብሮ ይሄዳል፤ እነዚያ ክሮች ግን ጉሙ ካለፈም በኋላ ከየቦታቸው አልተነቃነቁም። ጉም አልነበሩም። እንጨት ከምረው፣ በአፈር ከድነው፣ ቀስ እያለ እየነደደ ከሰል እንዲሆን ከተዉት ክምር የሚወጣ ጭስ ነበር። በእግር የሚዞር ጥበቃ ከጉም የማይለየውን ጭስ የእኔ ፊልም ከነቦታው አውጥቶ አሳይቷል። ደኑን የሚጠብቀው የሰፈሩ ማህበር አባላቱ ሣር እንዲያጭዱና የወደቀ እንጨት እንዲለቅሙ ይፈቅዳል፤ ማክሰል ግን ክልክል ነው። ጥበቃዎቹ ፊልሙን ይዘው ሄደው ሦስቱንም ክምር አፈረሱ፤ ባለቤቶቹ ደን እንዳይረግጡ ታገዱ። ይህ ጎልማሳ ከሦስቱ አንዱ ነበር።

«እሱም እንደ እኛ ያከስላል» አለኝ በአገጩ ወደ ጉብታው እያሳየ። «ካሜራው ከሱ ደጅ ቆመ። የእኛ ታየ፤ እሱ ግን ያን ቀን የራሱን አጥፍቶ ነበር። እኛ ሕፃን ነን እንዴ?»

 ዳገቱን ወጣሁ።

ኦቦ ካቡ ላይ ተቀምጠዋል። ከቤቱ ጎን ያለው ጤፋቸው ደርሶ ተኝቷል። በዚያ አገር ጤፍ የሚታጨደው በደቦ ነው፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ላንተ እየተባለ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። የማዶው ማሳ ሁሉ ታጭዶ ተከምሯል። የእሳቸውን ግን የነካው የለም። ባለቤታቸው ከበር ሆነው «ሦስት ጊዜ ለደቦ ጠራን፣ አንድ ሰው አልመጣም» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ያለው ንዴት ለእኔ እንደሆነ ገብቶኛል። «የዕድሩ ሰውዬም ደጃችንን አልፎ ሄደ። ነገ አንዳችን ብንሞት ማን ይቀብረናል?»

«እኔ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቤ እምላለሁ» አልኩ እንደ ልማዴ ቸኩዬ። «ኦቦ የነገሩኝ ነገር የለም፣ ማንንም አልጠቆሙም እላለሁ። ደግሞ አያከስሉም።»

ኦቦ ቀና ብለው አዩኝ። «እሱን አትማል» አሉኝ።

ያኔ ነው ነገሩን የነገሩኝ። ከካቡ ስር፣ ገደሉ ውስጥ፣ የእሳቸውም ክምር ነበር። የጥበቃዎቹን ጩኸት ከማዶ ሲሰሙ ደንግጠው ክምሩን በተኑ፣ አፈር መለሱበት፣ ከብት ነዱበት። ጥበቃዎቹ ደጃቸው ደርሰው ሲጠይቋቸው ዝም አሉ። «ዝም ያልኩት ለዚያች ሰዓት ብቻ ነበር» አሉኝ። በማግስቱ ለጎረቤቶቻቸው «እኔም ያን ቀን እያከሰልኩ ነበር፣ እኔ እንዴት እጠቁማለሁ?» ሲሉ የሚያምናቸው ጠፋ። ከሰሉን ቆፍረው ቢያሳዩ «ከምድጃህ አምጥተህ የቀበርከው ነው» ተባሉ። የተያዙት ሦስቱ ተቀጡ፤ ያልተያዙት እሳቸው ግን ጠቋሚ ሆኑ።

ከታች የቆረጥኩትን እያሰብኩ ወደ አምቦ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ከረዳቱ ጋር አልተነታረክኩም። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ያልተቆረጡትን ፎቶዎች ከፈትኩ። እንደገና እንዲሮጡ ሳደርግ ዓይኔን ከታችኛው ጠርዝ ላይ አላነሳሁም። ጉሙ መነሳት ሲጀምር ከገደሉ ስር፣ እኔ ቆርጬ በጣልኩት ክፍል ውስጥ፣ ግራጫ ጭስ ታየ። የጠዋቱ ብርድ ተጭኖት ወደ ላይ መውጣት ስላልቻለ በገደሉ ስር ይሳባል። «ጭስ መውጫ አያጣም» ይባላል፤ የኦቦን ጭስ ግን መውጫ የነሳሁት እኔ ነበርኩ።

ደወልኩላቸው። «ኦቦ ኮ፣ የእርስዎ ጭስ እኔ ጋ አለ፤ ከታች በቆረጥኩት ክፍል ውስጥ» አልኳቸው።  ይህን ፊልም ሰፈሩ ካየው ያን ቀን እሳቸውም ሲያከስሉ እንደነበር፣ ጠቋሚ አለመሆናቸውም ይታወቃል፤ ያንኑ ፊልም የማህበሩ ሊቀ መንበር ካየው ግን ከደኑ መታገዳቸው ነው። ያለ ደኑ ሣር ከብቶቻቸው በጋውን እንዴት እንደሚያልፉ እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ያውቃሉ። ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን ቢያዩትስ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። «ሊቀ መንበሩም ይምጣ» አሉ። «ያለሱ ካየነው ደግሞ ሌላ ሐሜት ነው።»

እሑድ ከቀትር በፊት ከትልቁ ሾላ ስር ሰው ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ግንዱን ተደግፈው፣ ሊቀ መንበሩ ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ የተቀጡት ሦስቱ ክንዳቸውን አጣምረው ቆመዋል። በምዕራብ በኩል ደመና እየተጋገረ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንደዚያ ያለ ደመና ሳይ ካሜራዬን ይዤ እሮጣለሁ፤ ያን ቀን ግን ጠላሁት። ኅዳር ላይ ዝናብ ቢመጣ የተኛው ጤፍ እዚያው መሬት ላይ ይበቅላል።

ላፕቶፔን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። ፀሐዩ ስክሪኑን ስላጠፋው አንዱ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አውልቀው ከላይ ጣሉልን፤ ሁላችንም ከጋቢው ስር ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጠምን።  ወደ ኦቦ ዞሬ በሹክሹክታ «ልተወው?» አልኳቸው።

«ክፈተው» አሉኝ።

ከፈትኩት። መጀመሪያ ሰዎቹ እንደ ማንኛውም ሰው የየራሳቸውን ቤት ፈለጉ። ከዚያ ሦስቱ ጭሶች ወጡ፤ አንድ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ከታች ያ ግራጫ ነገር መሳብ ጀመረ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ጎልማሳ ጣቱን ዘርግቶ ስክሪኑን ነካው።

«ይሄ የሱ ገደል አይደለም?» አለ።

«መልሰው» አሉ አንዱ ሽማግሌ። መለስኩት። እንደገና አዩት። ኦቦ ከሰዉ መሃል ወጥተው ቆሙ። ጎንበስ ብለው ከሾላው ስር እርጥብ ሣር ነጩ፤ እዚያ አገር ዕርቅ የሚለምን ሰው እርጥብ ሣር በእጁ ይይዛል።

«የእኔ ነው» አሉ በኦሮምኛ። «እናንተ ስትያዙ ፈርቼ ዝም አልኩ። ለዝምታዬ ቅጡኝ። ግን አልጠቆምኩም።»

 እኔ የማያውቁኝ ሰዎች ፊት እንባዬ መጣ፤ ጋቢው ከልሎኝ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና ቅጣቱን ተናገረ። ኦቦም እንደ ሦስቱ ደን እንዳይረግጡ ታገዱ፤ ክረምት ሲገባ አራቱም አብረው ችግኝ ይተክላሉ። «ኩኖ ጋሪዻ» አሉ ኦቦ፣ ይህ መልካም ነው ማለታቸው ነው። ቅጣት ተቀብሎ እንደዚያ ፊቱ የበራ ሰው አይቼ አላውቅም። ጎልማሳው ከእጃቸው ሣሩን ተቀበላቸው።

«ጤፉ ሊበሰብስ ነው እኮ» አለ ሣሩን እንደያዘ፣ እየተቆጣ። «ነገ ጠዋት ማጭዳችሁን ይዛችሁ ውጡ።»

እኔ ያን ቀን እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ስወጣ ማሳው ጫፍ ላይ ሰዎች ጎንበስ ብለው መደዳውን ይዘዋል፤ ከመሃላቸው ሦስቱ አሉ። ደመናው አልሄደም። ዝናቡ ይቀድማል ወይስ ማጭዱ ይቀድማል እያሉ ሁሉም አንድ ዓይናቸውን ወደ ምዕራብ ይጥላሉ። ባለቤታቸው የጠላውን ጣሳ ለእኔም ሰጡኝ፤ ንዴታቸው ሙሉ በሙሉ አልወጣም፣ ግን ሰጡኝ።

ካሜራዬ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ላወጣው አልደፈርኩም፤ ማጭድ ለምኜ ከዳር ገብቼ እንደ ነገሩ እያጨድኩ ነበር። ኦቦ ከመደዳው ቀና ብለው ላባቸውን ጠረጉና በእጃቸው ካቡን አሳዩኝ።

«እዚያ ትከለው» አሉኝ።

ሰዉን አየሁት። ማንም ለማን ነው አላለም። ሄጄ ተከልኩት። ከልማዴ የተነሳ ይሁን ከፍርሃት፣ መጀመሪያ ያየሁት ደመናውን ነበር፤ ጥቁር፣ ግዙፍ፣ በጣም የሚያምር። ከማሳው ድምፃቸው መጣ።

«በርሲሳ! ሰማዩን ዛሬ ተወው። ከታች አትቁረጥ።»

ካሜራውን ወደ መሬት አዘነበልኩት፤ ደመናው ከፍሬሙ ወጥቶ አጫጆቹ ብቻ እስኪቀሩ ድረስ።