የአባቴ ጂፕ፣ የእናቴ መሪ

ዝናብ የመታው ሸራ ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል የሚሰጠው አንድ ሽታ አለ፤ ዛሬም የጭነት መኪኖች ተደርድረው በቆሙበት ሳልፍ ድንገት ከአፍንጫዬ ሲደርስ፣ እግሬ ሳያስፈቅደኝ ይቆምና አብነት ሰፈር የነበረው ግቢያችን፣ ጭቃው፣ የቆርቆሮ አጥሩና መሃሉ ላይ የቆመው አረንጓዴ ጂፕ ቀስ እያሉ ይመጡብኛል።

አባቴ ሰይድ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ልብስ ሰፊ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ መሥሪያ ቤት ያረጁ መኪኖቹን በጨረታ ሲሸጥ ከራሱ በዕድሜ ብዙም የማያንስ ጂፕ ገዝቶ፣ በሰው አስገፍቶ አመጣው። የግቢው በር ስለጠበበ ከነመቃኑ ተነቅሎ ነው የገባው። እናቴ ዘሀራ፣ የሂሳብ አስተማሪ ነበረች፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ስታየው ቆይታ «ይሄ ይሄዳል?» አለችው። «ኢንሻ አላህ» አላት። በዚያው ሰሞን ወሎ ላለችው እናቱ ደብዳቤ ጽፎ ፖስታውን እንዳሽግ ሰጠኝና፣ ከማሸጌ በፊት ሰርቄ አነበብኩት። «መኪና ገዝቻለሁ፤ ለአረፋ ራሴ ነድቼ እመጣለሁ» ይላል።

ክረምቱን ሙሉ ጂፑ ንቅንቅ አላለም። እኔና ታናሽ ወንድሜ ኑሩ ግን በእሱ ያልሄድንበት አገር አልነበረም፤ ዝናቡ ሸራውን ሲደበድብ፣ መስታወቱ በትንፋሻችን ደምኖ፣ አጥሩም ዛፉም ከውጭ ሲጠፋ፣ መሪውን በየተራ እየያዝን፣ አቀበቱን በአፋችን እያጓራን፣ እንቅልፍ እስኪወስደን እንጓዝ ነበር። አባቴ በሩን ከፈት አድርጎ «የት ደረሳችሁ?» ይለናል። «ኮምቦልቻ» እንለው ነበር፤ ሌላ የሩቅ አገር ስም የት እናውቅና።

መስከረም ሲጠባ ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ ብቅ አሉ። ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ ፈጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ልደታን ሳይሳለሙ መፍቻ አይነኩም። አባቴ ሞተሩን ሲፈታ ብሎኖቹን አሮጌ አንሶላ ላይ በተርታ እየደረደረ፣ በልብስ ጠመኔው ቁጥር እየጻፈባቸው፣ ለመቁረጥ እንደተዘጋጀ ኮት አሰናድቷቸው ሲያዩ ጋሽ ወርቁ «እኔ እንዲህ የሚያደርግ መካኒክ አይቼ አላውቅም» አሉት። እሑድ እሑድ ሁለቱ ከሥሩ ተጋድመው፣ እግራቸው ብቻ እየታየ፣ ካንዴላው እየጸዳ፣ ፍሬኑ እየታሰረ፣ የተቀደደው ሸራ በአባቴ መርፌ እየተጣፈ ጥቅምት አለፈ። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ጠዋት ጂፑ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ሁለት ሦስት ጊዜ አስነጥሶ ተነሣ። አባቴ ኮፈኑ ላይ እጁን ጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ንዝረቱን ያዳምጥ ነበር።

ከዚያ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ተመዘገበ። ሦስት ጊዜ ተፈተነ፣ ሦስቴም ወደቀ። እኛ ያልገባን ነገር ነበር፤ ያንን ሁሉ ብረት የገጣጠመ እጅ፣ ሞተሩ ተነሥቶ መሪው ላይ ሲያርፍ መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ማዞር ያቅተው ነበር። ሦስተኛውን ፈተና በወደቀ ዕለት ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ሲቀመጥ፣ እናቴ የተማሪ ደብተር እያረመች፣ ቀና ሳትል «እኔ ልሞክረው?» አለችው።  በሦስተኛው ማታ ከሱቁ ሲመለስ ወፍራም ትራስ ይዞ መጣ፣ ራሱ የሰፋው፤ ሄዶ ከመሪው ፊት ያለው ወንበር ላይ አስተካክሎ አስቀመጠላት። እናቴ አጭር ነበረች።

በመጀመሪያው ፈተና አለፈች። ጂፑን እየነዳች ከግቢ ስትወጣ የሰፈሩ ጎረምሶች መጀመሪያ ይስቁ ነበር፣ ኋላ ኋላ «ቲቸር አራዳ ናት» እያሉ መንገድ ይለቁላት ጀመር። አባቴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥሩ ገብቶ ግራሶ እየቀባ፣ ስለ ደብዳቤው ለማንም አልተናገረም።

የዚያ ዓመት አረፋ በበልግ ዝናብ መሃል ዋለ። ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀደም ብለን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጥተን፣ ረፋዱ ላይ ጣርማ በር ተራራ ላይ ስንደርስ ጭጋጉ ወረደብንና የጂፑ አፍንጫ ራሱ ጠፋ። እናቴ ዳር ይዛ አቆመች። አባቴ ትንሽ ቆይቶ በሩን ከፈተ፣ ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ ወረደና ከፊታችን መራመድ ጀመረ። እናቴ በአንደኛ ማርሽ፣ እያዘገመች ተከተለችው። ያ ነጭ ነገር ጠፋ ሲል፣ መለስ ሲል፣ አንዳንዴ የሚራመድ ሳይሆን የሚንሳፈፍ ሲመስል፣ እኔና ኑሩ ከኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘን እናየው ነበር። ጭጋጉ ሲሳሳ ርሶ ተመልሶ ገባ።

«ልጅ ሳለሁ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ» አለ፣ መንገዱን እያየ። «ፍሬን አልይዝ ያለን እዚህ ቁልቁለት ላይ ነው። እኔ ዘለልኩ። ሹፌሩ አልዘለለም።»

«ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትነጂው ነበር?»

እናቴ ማርሹን ቀይራ፣ ከበፊቱም ቀስ ብላ ወረደች።

መንገድ ላይ አድረን፣ በማግስቱ ከሰዓት የአያቴ መንደር ዳር ደርሰን ዛፎቹ ሲታዩ አቆመችና «ሰይድ፣ ከዚህ ወዲያ ሜዳ ነው። አንተ ያዘውና ግባ፤ እናትህ አንተን ነው የሚጠብቁት» አለችው። ለካ ደብዳቤውን እሷም ታውቅ ኖሯል። አባቴ ዞሮ መሪው ፊት ተቀመጠ፤ ትራሱ ከፍ ስላደረገው ራሱ ሸራውን ይነካ ነበር። ሁለት እጁን መሪው ላይ ጣለ።  ከዚያ በረጅሙ ተንፍሶ ወረደና «አንቺው አግቢን» አላት።

አያቴና አጎቶቼ ደጅ ወጥተው ቆመው ነበር። «አንተ ነህ የነዳኸው?» አለችው አያቴ፣ ገና አቅፋው ሳለ።

«የሠራሁት እኔ ነኝ። የነዳችው ዘሀራ ናት» አለ፤ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ነበር ያለው። አንዱ አጎቴ ሳቁን ለማፈን አቀረቀረ። አያቴ ግን ወደ እናቴ ሄዳ ሁለት እጆቿን ይዛ፣ መዳፏን ገልብጣ አየችና «እንግዲያው ነገ ገበያ ትወስጂኛለሽ» አለቻት።

የአብነቱ ግቢ ከፈረሰ ብዙ ጊዜ ሆነው፤ ጂፑም ከዚያ በፊት ለአንድ ገበሬ ተሸጦ ሄደ። ዛሬ እኔም ኑሩም የየራሳችን መኪና አለን፤ ትንሽ ድምፅ ካሰሙ ጋራዥ እንጥላቸውና ሲጠገኑ እንወስዳቸዋለን፣ ምን እንደነበረባቸው እንኳ አንጠይቅም። ወሎም አሁን በአንድ ቀን ይገባል። ለአረፋ ስንሄድ እኔ በጠዋት፣ ኑሩ ወደ ማታ፣ በየሥራችን ሰዓት ነው የምንደርሰው። ያን ጊዜ ሁለት ቀን የፈጀብን ጉዞ ዛሬ ሳስበው አጭር ይመስለኛል፤ አራታችንም በአንድ መኪና ውስጥ ስለነበርን ይሆናል።