ያልተከፈተው ፌስታል

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ደብቄያለሁ። ጾም በገባ ቁጥር ትንንሹን ኃጢአት ዘርዝሬ፣ ይህንን ውጬ እመለሳለሁ። ለእናንተ የምናገረው ስሜን ስለማታውቁት ነው።

ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በሽተኛ አያለሁ። ጤና መኮንን ነኝ፤ ሰው ዶክተር ይለኛል፣ እኔም አላርምም። ወረፋው እንዳያስጨንቀኝ አንድ ብልሃት ነበረኝ፤ ጠዋት ሥራ ሳልጀምር የሪፈር ወረቀቶች ላይ «ለተጨማሪ ምርመራ» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም መትቼ እደረድር ነበር። የሚቀረው የበሽተኛው ስም ብቻ ነው።

ጋሽ ዳና የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው። «ልጄ፣ ያዞረኛል፤ ከተቀመጥኩበት ስነሣ ልወድቅ እደርሳለሁ» አሉኝ። መድኃኒታቸውን በፌስታል ይዘው መጥተው ነበር። ሊያወጡት ሲሉ «ይተዉት፣ እዚያ ያዩልዎታል» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። እኔ ነኝ የያዝኩት። ስማቸውን ሞልቼ ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው። ሁለት ደቂቃ እንኳ ፊቴ ተቀምጠው ይሆን? እንጃ።

እዚያ ቀጠሮው ሌላ ቀጠሮ ወለደ። የጭንቅላት ምርመራ ታዘዘላቸው፤ የሆስፒታሉ ማሽን ተበላሽቶ ስለነበር በግል ሕክምና ቤት ከፍለው ተነሡ። ለዚያ የሽመና ዕቃቸውን ሸጡ። ጭንቅላታቸው ደህና ነበር። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ፌስታሉን ቢያስከፍታቸው፣ ያንኑ የደም ግፊት መድኃኒት ከሁለት ቦታ፣ በሁለት ስም እየገዙ ደርበው ይውጡ ኖሯል። አንዱን እንዲተዉ አደረጋቸው፤ ማዞሩ ለቀቃቸው።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከራሳቸው ነው። ሊያመሰግኑኝ መጥተው! «አንቺ ባትልኪኝ ይሄኔ አፈር ገብቼ ነበር» ብለው እጄን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እኔስ? «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? በሽተኛ በዝቶብኝ ነው እንዳልል፣ እሳቸውን የላክሁ ዕለት ከምሳ በፊት ጨርሼ ከጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ እየጠጣሁ ስስቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እውነቱን ልነግራቸው ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ያ ሁሉ የእጅ ሙያ ያላቸው ሰው፣ ለሌላ ሸማኔ ክር ሲያዳውሩ አገኘኋቸው። ብድግ ብለው «ያዳነችኝ ዶክተር ይቺ ናት» እያሉ ለሰው ሁሉ አሳዩኝ። ፈሪ ነኝ፤ ምርቃታቸውን ተቀብዬ ተመለስኩ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታ የሚጠየቀው የተበደለ ሰው ነው፤ እሳቸው ደግሞ መበደላቸውን ስለማያውቁ፣ እስከ ዛሬ በጸሎታቸው ስሜን ይጠራሉ።