«ቤቶች» ያልኩበት ሜዳ

የልጅ ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች ደብረ ማርቆስ ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች ፊት ቆማ አንድም ቃል ሳይወጣት ቀረ፤ ሳቁባት። መምህሩ ሌላ ዕድል ሰጣት፦ ሰው የማይኖርበት ጭር ያለ ቦታ መርጣ በእንግሊዝኛ እንድትገልጽ።

«ደግመው ከሳቁብኝ ትምህርት ቤት አልመለስም» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ስለዚህ አመንኳት።

ጭር ላለ ቦታ የሚሆኑ ቃላት ከመዝገበ ቃላት እየለቀመች «ብሊክ፣ ባረን፣ ዴሶሌት» ስትል እሰማታለሁ።

«ይህን ሁሉ ምን ላይ ልታውዪው ነው?»

«እኔ እንጃ፣ እምዬ። መናኸሪያ አጠገብ ያደገ ሰው ጭር ያለ ነገር የት ያውቃል?»

ቅዳሜ በሚኒባስ አምበር ከተማ ሄድን፤ ከዚያ ወደተወለድኩበት ደጋ በእግር ወጣን። ወላጆቼ ካረፉ ወዲህ አልረገጥኩትም። ጎረቤቶቹም ውርጩ እህሉን እየመታባቸው አንድ በአንድ ወደ ታች ወርደዋል።

ጉሙ እንደ ጥጥ ባዘቶ ሜዳው ላይ ተኝቷል። የምንረግጠው ሣር ይታየናል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ነፋሱ ገለጥ ሲያደርገው ሜዳ ይሆናል፣ ሲመልሰው ምንም። እየሄድኩ ይሁን ቆሜ መሬቱ እየሄደ አልለይ አለኝ። ልጅቱ ቃሎቿን እያነበነበች ቀድማኝ ጠፋች።

የእኛን ቦታ በኮሶው ዛፍና በሳማው አወቅሁት። ሳማ ሰው በኖረበት አፈር ላይ ይወፍራል። አጥሩ ከነበረበት ስደርስ እግሬ ቆመ። እኛ ዘንድ ሳይጣሩ ግቢ መግባት ነውር ነው፤ ደጅ ተቆሞ መልስ ይጠበቃል። አጥር የለም፣ ቤት የለም። አፌ ግን ይህን አላወቀም።

«ቤቶች» አልኩ።

ከዚያም ጠበቅሁ። ከኮሶው ቅጠል ውሃ ይንጠባጠባል። ድምፄ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ቀረ። የሠራሁት ሞኝነት የገባኝ ቆይቶ ነው።

«አቤት፣ ይግቡ» አለ ከጉሙ ውስጥ የልጅቱ ድምፅ። «ቤት የእግዜር ነው።»

ታሾፍብኛለች ብዬ ልቆጣት ነበር። ስጠጋ የእናቴ ወፍጮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ውሻ የለም?» አልኳት።

«አስሬዋለሁ።»

የያዝነውን ቆሎ ቆርጥመን ወረድን።

ተራዋ የደረሰ ቀን፣ ልማዴ ባይሆንም፣ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።

«እህስ?»

«ቃሎቹ ጠፉብኝ።»

ከበሩ ገለል ብዬ አስገባኋት።

«ጉሙንና ሣሩን እንደምንም በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። ከዚያ አያቴ ደጅ ቆማ ተጣራች አልኩና፣ ‹ቤቶች› ብዬ ተጣራሁ። በአማርኛ።»

«ከዚያስ?»

«እንዳንቺ ጠበቅሁ። እነሱም ጠበቁ።»

«ማንም አልሳቀም?»

«ማንም። መምህሩ ራሱ ዞር ብሎ በሩን አየ።»

ቦርሳዋን አስቀምጣ ምሳዋን በላች። በማግስቱ ሳልቀሰቅሳት ተነሥታ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።